መልስ፦ በገመድና በሳተላይት የተለካው መሬት ለምን ተለያየ?

ወንድሜ፣ ጉና ተዳፋት ላይ ያለው የአባትህ ማሳ በገመድ ሲለካ ሰፋ፤ አንተ ባሕር ዳር ሆነህ በጎግል ኧርዝ ስትለካው ጠበበ። የቱ ነው ልክ? ብለሃል።

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ካርታ የሚይዘው መሬቱን ከላይ ሲያዩት ያለውን አግድም ስፋት ነው። ገመዱ ግን ቁልቁለቱን ተከትሎ ይወርዳል። ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ ካርታ ላይ 100 ሜትር የሆነው በገመድ 115 ሜትር ይሞላል። ከመሬቱ የተቆረሰ ነገር የለም። እባክህ ከጎረቤት ጋር ቅያሜ ሳይገባ ይህን ለአባትህ አስረዳቸው። በዚህ የተነሳ ሰው ሲጣላ ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ሴንቲኔል 2 የተባለውን የአውሮፓ ሳተላይት ምስል ልጠቀም ወይ ላልከው፣ ለአንድ ማሳ አልመክርህም። ምስሉ ነጻ ነው፣ ግን አንዷ ፒክስል (ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ነጥብ) መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ጥማዱን ሩብ ሄክታር ብንለው 25 ፒክስል ብቻ ይሆናል። ማሳው አራት ማዕዘን ቢሆን እንኳ 16ቱ ጠርዝ ላይ ናቸው፤ የጎረቤት ሰብል ይቀላቀልባቸዋል። ለቀበሌ ወይም ለወረዳ የሰብል ሽፋን ግን ግሩም ነው።

አንተ እዚያው ጎግል ኧርዝ ላይ ቆይ። የጥር ወይም የየካቲት ምስል ምረጥ፤ ደመና አይጋርድህም። ድንበሩን ስታሰምር አባትህን በስልክ ያዛቸው፤ የትኛው እርከን የማን እንደሆነ ምስሉ አይነግርህም። ኪውጂአይኤስ ወደተባለው የካርታ ፕሮግራም ካስገባኸው ለአካባቢው የሚሆነውን የመጋጠሚያ ሥርዓት፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜንን ተጠቀም። የድሮ ካርታ ከደረብክበት ደግሞ አዲንዳን በሚባለው የቀድሞ የቦታ መለኪያ መሠረት የተሠራ መሆኑን አጣራ፤ ጎግል ኧርዝ ወደሚጠቀምበት መሠረት ሳትቀይረው ከደረብከው ማሳው ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል።