አገር ቤት ስንገባ የማንን ደጅ እናስቀድም?

ከአንባቢዎች ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ጎጃም ያለ ዘመድ ጥየቃን የሚመለከቱትን በዚህ ዕትም መልሰናል።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ፣ ከ9 እና ከ13 ዓመት ልጆቻችን ጋር በጥር ወር ቢቸና አካባቢ ገጠር ወዳሉት ወላጆቼ ልንሄድ ነው። ከአገር ከወጣሁ 14 ዓመት ሆነኝ። ያለን 12 ቀን ነው፤ ዘመዱ ግን ብዙ ነው። ከማን እንጀምር? (ከአሜሪካ፣ አንድ አባት)

መልስ፦ ወሩን ጥሩ መርጠዋል። በክረምት ከዋናው መንገድ የሚገነጠለው የገጠር መንገድ በጭቃ ይያዛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ስለሆነ፣ እንግዳ ቢመጣለትም ሐሳቡ አውድማው ላይ ነው። ጥር ላይ እህሉ ገብቷል፣ ጥምቀትም በ11 ይውላል፤ ሠርጉም ዐቢይ ጾም እስኪገባ ይቀጥላል። አንድ የዘመድ ሠርግ ከገጠመዎ ብዙ ሰው በአንድ ዳስ ያገኛሉ።

ከመነሣትዎ በፊት ከቤተሰቡ ረጋ ላለ አንድ ሰው ይደውሉና «ያልነገራችሁኝ ሞት አለ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ የሚደበቀው «ብቻውን ነው፣ ማን ያጽናናዋል» ተብሎ ነው። ሳይጠይቅ የሄደ ሰው ሻንጣውን ሳያወርድ፣ በልጆቹ ፊት፣ የሁለት የሦስት ሰው መርዶ አንድ ላይ ይወርድበታል።

የመጀመሪያው ቀን የወላጆችዎ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሐዘን ለገባባቸው ቤቶች ይሁን። ሙት ዓመቱ ከወጣ አምስት ዓመት ቢያልፍም እርስዎ ገና እርምዎን አላወጡም። ቀድመው ጓደኛ ቤት ታይተው ለቅሶ ቤት ዘግይተው ከደረሱ፣ ቅያሜውን ምንም ስጦታ አያነሣውም።

ለቅሶ ቤት የሚኬደው በጠዋት ነው። ጠቆር ያለ ልብስ ይልበሱ፣ ባለቤትዎ ነጠላ ይያዙ። ደጃፍ ላይ ሲታዩ የቤቱ ሰው ሟቹን በስም እየጠራ ማልቀስ ይጀምራል፤ ጎረቤትም ድምፁን ሰምቶ ይመጣል። ይህን አይተው የማያውቁ ልጆች በጣም ይደነግጣሉ። ስለዚህ ከዋዜማው ማታ ቁጭ አድርገው ይንገሯቸው፤ ሰዎቹ ጮክ ብለው እንደሚያለቅሱ፣ እናትና አባታቸውም አብረው እንደሚያለቅሱ፣ ማንም እንዳልተጎዳ፣ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ተቀምጦ ቡና እንደሚጠጣ። ከልጆቹ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ዘመድ አስቀድመው ይመድቡ። አንድ ኪሎ ቡናና ሁለት ኪሎ ስኳር ይዘው ይግቡ፤ ገንዘብ ከሰጡ ለቤቱ ታላቅ በእጁ፣ ሰው ሳያይ ይሁን። «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብለው ይነሡ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለመሄጃና ለመመለሻ 2 ቀን፣ ከበረራ በፊት አዲስ አበባ ለመጠባበቂያ 2 ቀን፣ ለወላጆች 1፣ ለለቅሶ 2 ሲቀነስ 5 ቀን ይቀራል። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፤ ከበረካ በፊት መነሣት ያስቀይማል። ምሳው ሲጨመር አንድ ቤት ከሁለት ሰዓት በታች አይወጣም፣ መንገዱም በእግር ነው። በቀን ሁለት ቤት ቢሉ አሥር ቤት ያዳርሳሉ። ከዚያ በላይ ማቀድ ሁሉንም በቆመበት ሰላም ብሎ ማለፍ ነው፤ ይህ ደግሞ ካለመሄድ ይብሳል። ለቀሩት ዘመዶች ከአምስቱ ቀን አንዱን በወላጆችዎ ቤት የምሳ ቀን ያድርጉት፤ ያኔ የሚዞሩት ቤት ስምንት ይሆናል። ሽማግሌና አሮጊት ግን አይጠሩም፣ ይኬድላቸዋል፤ ከሚዞሩት ቤቶች ውስጥ ቀድመው የሚመዘገቡት የእነሱ ናቸው።

ስለ መንገዱ፦ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ነው። ልጆችን መኪናው እንዳያጥወለውላቸው ቁርሳቸው ቀለል ይበል፣ ዓይናቸውም ስልክ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ይሁን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ በድንገት ሊዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔትም ሊቋረጥ ይችላል። በሚነሡበት ዕለት ጠዋት ደጀንና ቢቸና ያለ ሰው ደውለው ይጠይቁ፤ የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሆንም። መንገድ ቢዘጋ ማን ቤት እንደሚያድሩም ከወዲሁ ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጆች ከውጭ ሊመጡብኝ ነው። ባለፈው የመጡት ሆዳቸውን ታመው ነው የተመለሱት። ምን ላብላቸው? (ከደምበጫ፣ አንዲት እናት)

መልስ፦ እናታችን፣ የሚያመው አብዛኛውን ጊዜ ወጡ ሳይሆን ውሃው ነው። ደምበጫ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። የፈላውን አፈ ጠባብ ጀሪካን ውስጥ ያስቀምጡና እያዘነበሉ ይቅዱ። በኩባያ ከተጠለቀ እጅ የነካው ኩባያ መልሶ ያቆሽሸዋል። ጥርሳቸውንም በዚሁ ውሃ ይፋቁ።

ትኩስ ሽሮ፣ አልጫ፣ ቅቅል ዕንቁላል፣ ራሳቸው የላጡት ሙዝና ብርቱካን አያስፈራም። ወተት ሳይፈላ፣ እርጎም ካልፈላ ወተት የተሠራ ከሆነ አይስጧቸው። ሰላጣና ቲማቲም የታጠበበት ውሃ ራሱ ያሳምማል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊኖርበት ስለሚችል፣ ልጆቹ ቢለምኑም ይቅር። በጉን ረቡዕና ዓርብ እንዳያርዱ ቀኑን ከወዲሁ ይቁጠሩ።

ተቅማጥ ከያዛቸው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይበጥብጡላቸው። ከሌለ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ፤ ጨው መብዛት ይጎዳል። ደም ከታየ ወይም ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ወደ ቆላ ወይም ባሕር ዳር ከወረዱ አጎበር ያስፈልጋል፤ ከተመለሱ ከወራት በኋላም ትኩሳት ቢነሣባቸው ወባ ያለበት አገር መቆየታቸውን ለሐኪም ይንገሩ።

ፍራሹን ከመምጣታቸው በፊት ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ያስጡት፣ ለቁንጫም ለትኋንም ይረዳል። «በሞቴ» እያሉ ሲያጎርሷቸው ደግሞ ጉርሻው አነስ ይበል፤ ልጅ አፉ ሞልቶ እምቢ ማለት አይችልም።

ጥያቄ፦ ሴት አያቴ ከሞጣ አካባቢ ነበሩ፣ አርፈዋል። ወገኖቻቸውን ለማግኘት የማውቀው ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ብቻ ነው። (ከአዲስ አበባ፣ የ22 ዓመት ተማሪ)

መልስ፦ እኅታችን፣ በስም ብቻ መፈለግ ያደክምሻል። ሴት ስታገባ አማቷ ሌላ ስም ልታወጣላት ትችላለች፤ በትውልድ መንደሯ የምትታወቀው በልጅነት ስሟ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ አያትሽ የተነሡበትን ደብር ስም አጣሪ፤ ገጠር ሰው የሚታወቀው በደብሩ ነው። የክርስትና ስማቸውንና የወንድሞቻቸውን ስም ጨምሪ። ከዚያ በደብሩ የንግሥ ቀን ሂጂ፤ በሌላ ቀን ተበታትኖ የሚገኘው ሰው ያን ዕለት ግቢው ውስጥ ነው።

ካህናቱን በዕድሜ ትልቁ ማን እንደሆነ ጠይቂ። ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ስለሚከለከል ሽማግሌዎች ዘር ቆጠራን በቃል ይዘውታል። ፈቃድ ጠይቀሽ በስልክ ቅጂ፣ ቅርንጫፉን ግን በወረቀት ላይ ጻፊ፤ በድምፅ ብቻ ከተያዘ የማን ልጅ ማን እንደሆነ ቤት ስትደርሺ ይምታታብሻል። የእናት ወገንንም ለይተሽ ጠይቂ፣ ካልተጠየቀ ይታለፋል።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቂ፤ «ያኔ ምን ነበር?» በይ። ጠላት የገባበት 1928፣ ጎጃም በእርሻ ግብር ምክንያት ያመፀበት 1960፣ የመሬት አዋጁ 1967፣ የመሬት ሽግሽጉ 1989 ነው። «በሽግሽጉ ጊዜ አራስ ነበርኩ» ያለችሽ ሴት ያኔ የወለደችውን ልጅ ዕድሜ ከዚህ ታገኛለሽ። ስትጨርሺ ወረቀቱን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ የተሳሳተውን ያርሙልሻል። አንድ ግልባጭም እዚያው ቤት ተዪላቸው።