ፊታችሁንና የክንዳችሁን ውስጥ አስተያዩ

ልጆች፣ ከ30 አመት በላይ የሰው ቆዳ ሳይ የኖርኩ ሀኪም ነኝ፣ እና ዛሬ አንድ ነገር እንድታረጉልኝ ልጠይቃችሁ። እጅጌያችሁን ወደላይ ሰብስቡና ብብታችሁ አጠገብ ያለውን የክንዳችሁን የውስጥ በኩል እዩት። ከዛ የእጃችሁን ጀርባ እዩ፣ ፊታችሁንም በመስታወት እዩ። አጠገባችሁ እናት ወይ አባት ካሉ ደግሞ የነሱን እዩ፣ እነሱ ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ሁለቱም ቆዳ እኮ ባንድ ቀን የተወለደ ነው፣ ግን አንዱ አሁንም ለስላሳ ነው፣ ሌላው ሻክሯል፣ ነጠብጣብ በዝቶበታል፣ ተሸብሽቧል። አብዛኛውን ልዩነት ያመጣው ጸሀይ ነው። ክፍሌ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የማሳየው ይሄን ነው ምክንያቱም ከኔ ማብራሪያ ይልቅ የገዛ ክንዱን ያምናል።

ጊዜም በርግጥ የራሱን ስራ ይሰራል። ከላይኛው ቆዳ ስር ባለው ወፈር ያለ ክፍል ውስጥ ኮላጅን የሚባል ክር የመሰለ ፕሮቲን አለ፣ ቆዳችንን ወጥሮ የያዘው እሱ ነው፣ ኤላስቲን ደግሞ ሲሳብ ተመልሶ ቦታው እንዲገባ ያረገዋል። ከጎልማሳነት ጀምሮ ኮላጅናችን በየአመቱ 1 ፐርሰንት ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ሴቶች ላይ የወር አበባ ሲቆም ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ስለሚወርድ በመጀመሪያዎቹ 5 አመታት ብቻ ከቆዳቸው ኮላጅን ወደ 30 ፐርሰንት ሊጠፋ ይችላል፣ ስለዚህ እናቶቻችሁ "ፊቴ ባንዴ ወረደ" ሲሉ አጋነኑ አትበሉ። ይሄኛውን እርጅና ማንም አያስቀረውም፣ እኔም አልጣላውም። የምጣላው እኛው ራሳችን ከምናፈጥነው ጋር ነው።

የጸሀይ ጨረር ውስጥ ለቆዳ የሚያሳስቡን ሁለት የማይታዩ አሉ። ዩቪቢ የሚባለው ያቃጥላል፣ ስለሚያቃጥልም ይታወቀናል፣ ሸሽተን ጥላ እንገባለን። ዩቪኤ ግን ሳይታወቀን ነው የሚገባው፣ ደመና አያግደውም፣ የመስኮት መስታወትም ያልፋል፣ ዘልቆ ኮላጅኑ ጋር ይደርስና ኮላጅን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። በፈረንጆቹ 2012 የአንድ የ69 አመት የጭነት መኪና ሹፌር ፎቶ በህክምና መጽሄት ላይ ወጥቶ ነበር፣ ሰውየው ለ28 አመት ነድቷል፣ እና በመስኮቱ በኩል ያለው ግማሽ ፊቱ ተጨማዶ ተንጠልጥሎ ሌላኛው ግማሽ የሌላ ሰው ይመስላል። ያንን ፎቶ ካየሁ በኋላ መኪና ውስጥም ሆነ መስኮት አጠገብ ስቀመጥ ሰንስክሪን፣ ማለትም የጸሀይ መከላከያ ቅባት፣ ሳልቀባ አልውልም።

"ጥቁር ቆዳ ጸሀይ ምን ያረገዋል" የሚለኝ ወጣት ብዙ ነው። ግማሹ እውነት ነው፣ ሜላኒን የሚባለው ቆዳችንን የሚያጠቁረው ቀለም ትልቅ ጋሻ ነው፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ዘግይቶ ነው የሚሸበሸበው። ግን እኛ ላይ እርጅናው በሌላ መልክ ነው የሚመጣው፣ ማድያት፣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ቡግር ጥሎት የሄደ የማይለቅ ጥቁረት። ማድያትን የሚያባብሰው ዩቪ ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሀንም ጭምር ስለሆነ ማድያት ያለባችሁ ቀለም ያለውን፣ አይረን ኦክሳይድ የገባበትን ሰንስክሪን ፈልጉ። የቆዳ ካንሰርም ቢቀንስ እንጂ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም፣ ጠቆር ያለ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ እግር መዳፍና ጥፍር ስር ነው የሚደበቀው፣ ቦብ ማርሊ በፈረንጆቹ 1981 በ36 አመቱ የሞተው ከእግር ጣቱ ጥፍር ስር በጀመረ ሜላኖማ ነው። ጥፍራችሁ ስር ድንገት ጥቁር መስመር ከመጣና እየሰፋ ከሄደ አትቆዩ።

ሰንስክሪን ይሰራል ወይ ለምትሉ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ከ900 በላይ ሰዎችን ለ4 አመት ተኩል ተከታትለው ውጤቱን በፈረንጆቹ 2013 አውጥተው ነበር፣ በየቀኑ የተቀቡት ደስ ሲላቸው ከሚቀቡት ይልቅ የቆዳቸው እርጅና በ24 ፐርሰንት አንሶ ተገኘ። እቃው ላይ ኤስፒኤፍ ተብሎ በሚጻፈው የመከላከል አቅም ቁጥር ብዙ አትጨናነቁ፣ ኤስፒኤፍ 30 ከዩቪቢው 97 ፐርሰንት ገደማ ይከለክላል 50 ደግሞ 98። ስህተቱ መጠኑ ላይ ነው፣ ሰው የሚቀባው ከሚያስፈልገው ግማሹን እንኳን አይሞላም። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣታችሁ ርዝመት ልክ ጨምቁ፣ ውጪ ከዋላችሁ በየ2 ሰአቱ ድገሙት፣ ዩቪኤንም እንደሚከላከል እቃው ላይ አንብቡ፣ ባርኔጣና ጥላም አትናቁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ስራ በጀመርኩ አካባቢ አንዲት ልጅ ክንዷ ላይ ለወጣባት ችፌ ጠንከር ያለ የስቴሮይድ ቅባት፣ የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድሀኒት፣ ጻፍኩላት፣ ፊትሽ ላይ እንዳትቀቢ አላልኳትም፣ ከ2 አመት በኋላ ስትመለስ ፊቷ ሳስቶ ደም ስሮቿ በላዩ ይታያሉ፣ ጉንጯ ላይ ጸጉር በቅሏል፣ ቡግር ወሯታል፣ አንድ ቀን ካልተቀባች ደግሞ ፊቷ ይንቦገቦጋል። "ስለሚያቀላኝ ነው ዶክተር" አለችኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አንድ አረፍተ ነገር ነው የነፈግኳት፣ ከዛ ወዲህ ያንን ማስጠንቀቂያ ሳልናገር ያዘዝኩት ቅባት የለም።

ማቅያ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ይሄው ስቴሮይድ ነው። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ በንክኪ ለልጅም ለቤተሰብም ይተላለፋል። ሀይድሮኪኖን የሚባለው ሌላው ማቅያ ደግሞ ሀኪም ሳይከታተለው ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን መልሶ ሰማያዊ ጥቁር ሊያረገው ይችላል፣ ያንን ማስለቀቅ በጣም ከባድ ነው። ስሙ ያልተጻፈ፣ ምን እንዳለበት የማይታወቅ የተቀላቀለ ክሬም ፊታችሁ ላይ አታድርጉ፣ እለምናችኋለሁ። እናንተ ለማጥፋት የምትደክሙበት ሜላኒን እኮ ነው ከጸሀዩ የሚጠብቃችሁ።

እንክብካቤው ያን ያህል ብዙ አይደለም። ለስለስ ባለ ነገር ታጠቡ፣ ቆዳችሁ እርጥብ እያለ ግሊሰሪን ያለበት ሎሽን ተቀቡ፣ ጠዋት ሰንስክሪን፣ በቃ። የ15 አመት ልጆች ለመሸብሸብ የተሰራ ክሬም ሲደራርቡ አያለሁ፣ ምንም አይጠቅማቸውም ያስቆጣቸዋል እንጂ። ኮላጅን ያለበት ክሬምም ያለሰልሳል እንጂ ኮላጅኑ ትልቅ ስለሆነ ወደ ውስጥ አይገባም። ለመሸብሸብ ከምንቀባቸው ነገሮች ውስጥ ጠንካራ ማስረጃ ያላቸው ከቫይታሚን ኤ የሚሰሩት ናቸው፣ ከነሱ አንዱ ትሬቲኖይን ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ ጀምሮ ተጠንቷል፣ የአተር ፍሬ የምታክል ብቻ በሳምንት 2 ወይ 3 ማታ ይጀመራል፣ መጀመሪያ ይልጣል ያቀላል፣ እርጉዝ የሆነች ወይ ለማርገዝ ያሰበች ግን አትነካውም። ሲጋራ የምታጨሱ ደግሞ ክሬሙን ከመግዛታችሁ በፊት ሲጋራውን ተዉ፣ የቆዳን ደም ስር ያጠባል ኮላጅንንም ይሰብራል፣ ከአፍ ዙሪያ ነው የሚታወቀው።

ማቅያውን ለወራት ስትቀቡ የቆያችሁ ካላችሁ ደንግጣችሁ ባንዴ ብቻችሁን አታቁሙት ምክንያቱም ስቴሮይድ ካለበት ፊታችሁ ክፉኛ ሊነሳባችሁ ይችላል። እቃውን ይዛችሁ ወደ ቆዳ ሀኪም ሂዱ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተቀባችሁ ሳትደብቁ ንገሩት፣ ቀስ እያለ የሚያስወጣበት መንገድ አለ።