ቀዶ ጥገናው 20 ደቂቃ፣ ወረቀቱ 5 ወር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። 33 ዓመትህ ነው። ሁለት ልጆች አሉህ፣ ትንሹ ገና 8 ወሩ። ለባለቤትህ የወሊድ መከላከያ መርፌው አልስማማት ብሏል። ስለዚህ «ቫሴክቶሚ (የወንዱን የዘር ቱቦ የሚዘጋውን ቀዶ ጥገና) ላስደርግ አስቤያለሁ፣ ወንድነቴ ምን ይሆናል? ቀድሜ ምን ልወቅ?» ብለሃል። እስካሁን ከመለሱልህ ግማሾቹ ቀለዱብህ፣ ግማሾቹ ሰበኩህ። እኔ አስደርጌዋለሁ፣ አሁን አራተኛ ዓመቴ ነው። የደረሰብኝን ልንገርህ። ረዘም ይላል፣ ቡናህን ይዘህ ቁጭ በል።

የምኖረው ለገጣፎ ነው። ወፍጮ ቤት አለኝ፣ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ባለቤቴ መጀመሪያ መርፌ ተወጋች፣ ደሙ አልቆም አላት። ቀጥላ ክንድ ላይ የሚቀበረውን አስገባች። ራስ ምታቱ አላስቀምጥ ሲላት አስወጣችው። ሦስተኛውን ልጅ በኦፕራሲዮን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት። ያን ሌሊት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ በዚህ ሁሉ ዓመት እኔ ያዋጣሁት የታክሲ ሂሳብ ብቻ ነው። አፈርኩ።

በመጀመሪያ ያስጨነቀህን ላንሳልህ። ቫሴክቶሚ መኮላሸት አይደለም። ሰው ሁሉ የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። እኔም ለአንድ ጓደኛዬ ብነግረው ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ «ሙክቱ መጣ» ብሎ ተቀበለኝ። ሙክት እኮ የዘር ፍሬው ተቀጥቅጦ ስለሚሞት ነው የወንድ ሆርሞኑ ቀርቶ የሚሰባው። በአንተ ላይ ግን ፍሬውን ማንም አይነካውም። ከሁለቱ ፍሬዎች ስፐርም ይዘው የሚወጡ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። እነሱ ይቆረጡና ጫፋቸው ይዘጋል፣ በቃ። ሆርሞኑ የሚጓዘው በደም ነው እንጂ በዚያ ቱቦ አይደለም። ፍላጎትህም፣ አቅምህም፣ ጢምህም እንዳለ ይቀጥላል። ፈሳሹም እንደ ድሮው ይወጣል። ከፈሳሹ የስፐርሙ ድርሻ ከመቶ 5 እጅ ቢሆን ነው፣ ሌላው ከሌሎች እጢዎች የሚመጣ ነው። ልዩነቱን በዓይንህ አትለየውም። የሚመረተው ስፐርምስ? ሰውነትህ ራሱ መልሶ ይመጠዋል። «ተጠራቅሞ አይፈነዳም ወይ?» ብሎ በቁም ነገር የጠየቀኝ ሰው አለ። አይፈነዳም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ምክር የምትሰጠው ነርስ «ከልጆችህ አንዱን ብታጣስ? ብትፋቱስ? ሌላ ብታገባስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደሜ ፈላ። ምን ዓይነት ሟርት ነው ብዬ ቀጠሮ ሳልይዝ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ግን ጥያቄው አለቀቀኝም። ለካ ሥራዋ ነው። ይህ ነገር ለዘለቄታው ነው። የተቆረጠውን መልሶ የሚያገናኝ ቀዶ ጥገና አለ፣ ግን ውድ ነው፣ እዚህ አገር እንደ ልብ አይገኝም። ዓመታት ባለፉ ቁጥርም የመሳካት ዕድሉ ይቀንሳል። «ካስፈለገ አስከፍተዋለሁ» እያልክ ከሆነ አታስደርገው።

ስምንት ወር አሰብንበት። የንስሐ አባቴ ደስ አላላቸውም፣ የተባባልነው በእኔና በእሳቸው መካከል ይቅር። ካህናቱም ሆኑ ሼኾቹ አብዛኞቹ ቋሚ የሆነውን አይደግፉም። ከሰው አፍ ከምትሰማው ቀድመህ ራስህ አነጋግራቸው። ፊርማ የተጠየቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ሚስትህ ትፈርም አልተባልኩም። ቢሆንም ሳትነግራት እንዳታደርገው።

የት ይሠራል ላልከው፣ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነጻ ነው። ግን ቫሴክቶሚ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል፣ በየጤና ጣቢያው የለም። እኔን ከሰፈር ጤና ጣቢያ ወደ ከተማ ጽፈውልኝ ነው የሄድኩት። ለባለሙያው «ስንት ሰው ሠርተሃል?» ብለህ ጠይቀው፣ አትፈር። በሬ ስትገዛ ስንት ጥያቄ ትጠይቅ የለም? የምትወስደውን መድኃኒት በሙሉ ንገረው፣ በተለይ አስፕሪንና ደም የሚያቀጥኑትን። ስኳር ካለብህ፣ ቡአ ኖሮህ ወይም ተሠርቶልህ ከሆነ፣ ጥርስህን ስትነቀል የማደንዘዣው መርፌ አስቸግሮህ ከነበረም ተናገር።

ቁርስህን በልተህ፣ ታጥበህ፣ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ይዘህ ትሄዳለህ። አንድ ሰው አብሮህ ይሂድ። እኔን የሠራኝ ሐኪም ወሬ ይወዳል። ማደንዘዣውን ወጋኝ፣ ንብ እንደነደፈህ ነው። ከዚያ በቢላዋ ሳይቀድ በሹል መቆንጠጫ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ሠራው። እየሠራ ይህን ዘዴ ሊ ሹንቺያንግ የሚባል ቻይናዊ ሐኪም በ1974 እ.ኤ.አ. እንዳመጣው ያጫውተኛል። እኔ ጣሪያ እያየሁ «እግዜር ይስጠው» እላለሁ። ቱቦውን ሳብ ሲያደርገው ሆድህ ውስጥ ድረስ የሚሰማ ስሜት አለ፣ ደስ አይልም፣ ግን ይቻላል። 20 ደቂቃ ፈጀ። ስፌት እንኳ አላስፈለገኝም።

ስቃዩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከመገናኛ ለገጣፎ በታክሲ መጣሁ። ከዋናው መንገድ ወደ ቤቴ ግን ኮብልስቶን ነው፣ እኔ ደግሞ ባጃጅ ያዝኩ። ያቺን 10 ደቂቃ መቼም አልረሳት። መኪና ያለው ዘመድ ለምን፣ ወይም ራይድ ጥራና «ቀስ በል» በለው። ማታ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ ያዝበት ተብዬ ነበር፣ መብራት የለም። ባለቤቴ ጁስ ቤት ሄዳ ውሃው የረጋ ሃይላንድ አመጣችልኝ። እሱን በፎጣ ጠቅልዬ አደርኩ።

ሁለት ቀን አረፍ በል፣ አንድ ሳምንት ከባድ ነገር አታንሳ፣ አንድ ሳምንት ከግንኙነት ቆይ ተብያለሁ። በአራተኛው ቀን ወፍጮ ቤት ልይ ብዬ ብቅ አልኩ። ሠራተኛው የለም። አንዲት እናት ጤፋቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። እንዴት ልተዋቸው? ኩንታሉን አነሳሁት። ማታ ብርቱካን የሚያክል እብጠት ወጣብኝ። ውስጥ ደም ቋጥሯል ተባልኩ። በዕረፍት ብቻ ሄደልኝ፣ ግን ሁለት ሳምንት ጠቁሮ ከረመ። ጥፋቱ የራሴ ነው። እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ትኩሳት ወይም መግል ካየህ፣ እንዳታድር፣ ወዲያው ተመለስ። ደንዘዝ ያለ ህመም ደግሞ አንድ ወር ከምናምን አብሮኝ ቆየና ጠፋ። ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ላይ ህመሙ ሳይለቅ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ይህን የሚደብቅህ ባለሙያ ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቱቦው በተቆረጠ ቀን መከላከያ አይሆንም! ከተቆረጠው በላይ ያለው መንገድ ውስጥ የቀረ ስፐርም አለ። እሱ ተጠርጎ እስኪያልቅ ቢያንስ 3 ወርና ወደ 20 ጊዜ ያህል ፈሳሽ መውጣት አለበት። እስከዚያ ድረስ ኮንዶም ወይም የእሷ መከላከያ ይቀጥላል። ከዚያ ፈሳሽህ በላብራቶሪ ይታይና «ስፐርም የለም» የሚል ወረቀት ስትይዝ ነው የሚያበቃው።

እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ልክ ሁዳዴ ሲገባ አስደረግኩት። በጾም ግንኙነት የለም፣ በዚያው እድናለሁ ብዬ። 55 ቀን እንደዚያው አለፈ። ከፋሲካ በኋላ ባለቤቴ እናቷን ለማስታመም ሦስት ሳምንት አገር ቤት ሄደች። ሦስት ወሬን ቆጥሬ፣ ደረቴን ነፍቼ ላብራቶሪ ሄድኩ። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ ስላለበት ከለገጣፎ ይዘኸው አትምጣ፣ መገናኛ ላይ ያልቅብሃል። እዚያው ነው የሰጠሁት። ብልቃጡን የሰጠችኝ ልጅ ከእህቴ ልጅ አትበልጥም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ውጤቱ ሲመጣ የሚንቀሳቀስ ስፐርም አለ። ሐኪሙ «ፈሳሽ ስንት ጊዜ ወጣ?» አለኝ። በጣቴ ቆጠርኩ፣ አምስት አልሞላም። ሳቀብኝ። «ቀኑን ብቻ ነው የቆጠርከው» አለኝ። ሁለት ወር ጨምሬ፣ አምስተኛው ወር ላይ ንጹሕ ወረቀት አገኘሁ። በፆም ሰሞን አታስደርገው የምልህ ለዚህ ነው።

ይህ የሚያስቅ ነው። የማያስቀውን ልንገርህ። አንድ የማውቀው ሰው ያስደረገበት ቦታ «ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ነህ» ብለው ሸኙት። ምርመራ የሚባል ነገር አልነገሩትም። በሁለተኛው ወር ሚስቱ አረገዘች። «እኔ ዘግቻለሁ፣ ከየት አመጣሽው?» ብሎ ከቤት አስወጣት። ሽማግሌ ተላከ፣ አልሰማም። በመጨረሻ አንድ ዘመድ እየጎተተ ወስዶ አስመረመረው። ስፐርሙ ሞልቷል። ያስታረቃቸው ላብራቶሪው ነው። ልጁ ዛሬ ቁርጥ አባቱን ይመስላል፣ እሷ ግን ያን ቀን የረሳችው አይመስለኝም። እንግዲህ ሳትመረመር ብትቀር ስሙ የሚጠፋው የአንተ እንዳይመስልህ። ንጹሕ ወረቀት ከያዝክ በኋላ እንኳ ከ2,000 ሰው በአንድ ያህሉ ላይ ቱቦው ራሱ ሊገናኝ ይችላል። እርግዝና ቢመጣ አፍህን ከመክፈትህ በፊት ተመርመር። ደግሞ ቫሴክቶሚ ከኤች አይ ቪም ሆነ ከሌላ የአባላዘር በሽታ አያድንም።

የአንተን ጉዳይ በተመለከተ፣ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን አሁን አላስደርገውም። ልጅህ 8 ወሩ ነው፣ እናንተም እንቅልፍ አልጠገባችሁም፣ የመረራችሁ ደግሞ መርፌው ነው። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ አለ፣ 10 ዓመት ይሠራል፣ በፈለገች ቀን ይወጣል። የወር አበባ ሊያበዛ ስለሚችል ደም ያስቸገራት ከሆነ ለባለሙያው ትንገር። ሁለት ዓመት ቆይታችሁ አሁንም ሁለታችሁም «በቃን» ካላችሁ ያኔ ሂድ። እስከዚያ ኮንዶሙን አንተ ግዛ፣ እሷን ፋርማሲ አትላካት።

እኔን ብትጠይቀኝ አልተጸጸትኩም። ወረቀቱን ያመጣሁ ቀን ባለቤቴ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ አጥፋ፣ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉ እሷ ጋ ነው።