የልጃችንን ማህፀን ለማስወጣት የወላጅ ፊርማ አይበቃም?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲያትል ነው። የ15 ዓመት ልጃችን ከባድ ሴሬብራል ፓልሲ ስላለባት አትናገርም፣ አትራመድም። የወር አበባ ከጀመራት ወዲህ ዳይፐሯን ስንቀይር ታለቅሳለች። እስካሁን የሰጠናት ማስታገሻ ብቻ ነው። ማህፀኗ ቢወጣ ትገላገላለች ያሉን አሉ። እኔና አባቷ ከፈረምን አይበቃም?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይበቃም። ለጥርሷም፣ ለሚጥል በሽታ መድኃኒትም፣ ለዳሌዋ ኦፕራሲዮንም የእናንተ ፊርማ በቂ ነው። ጤነኛ ማህፀን ማውጣት ግን ልጅቷን መካን ማድረግ ስለሆነ በዋሽንግተን ስቴት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል። ካንሰር ቢገኝባት ነገሩ ሌላ ነው።

ጉዳዩ እዚያው ሲያትል ውስጥ ተነሥቶ ያውቃል። «የአሽሊ ሕክምና» በሚባለው ጉዳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ማህፀን ወጣ፤ ጡቷ እንዳያጎጠጉጥ ተደረገ፤ ቁመቷም በኢስትሮጅን ተገታ። የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ተስማምቷል፣ የወላጆቿ ጠበቃም ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም ብሎ ጽፏል። በ2007 ግን ሆስፒታሉ ራሱ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማህፀኗን ማውጣቱ ስህተት እንደነበር አመነ። የጠበቃ ደብዳቤ፣ ይህንን የእኔን ጨምሮ፣ ዳኛን አይተካም።

ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመዝንበት መመዘኛ የወጣው በ1980 ነው፤ ያኔም አመልካቿ የ16 ዓመት ልጅ እናት ነበረች። ፍርድ ቤቱ ለልጅቷ ብቻ የሚቆም ገለልተኛ ወኪል ይሾማል። የእሷም ስሜት በተቻለ መጠን ይጠየቃል፤ መናገር አለመቻሏ ይህን አያስቀርም፣ ፊቷንና ለቅሶዋን ማንበብ የሚችሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ከሁሉ የሚከብደው፣ ቀለል ያሉ አማራጮች ሁሉ እንደማይሠሩ በጠንካራ ማስረጃ ማሳየት ነው። ማስታገሻ ብቻ ከተሰጣት፣ አሁን ብታመለክቱ የምትወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የወር አበባን የሚቀንሱ ወይም የሚያቆሙ ኪኒኖች፣ መርፌና ሉፕ አሉ፤ ሲቆሙ መውለድን ለዘለቄታው አይከለክሉም፣ ለእነዚህም ፊርማችሁ ይበቃል። መርፌው አጥንት ሊያሳሳ ይችላል፤ ልጅዎ ስለማትራመድ ይህን ሐኪሙን ይጠይቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከወሰደችም ይንገሩ፣ አንዳንዱ ከኪኒን ጋር አይስማማም። አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የሆስፒታሉ ግዴታ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ታላቅ ወንድሟ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። ለቅሶዋንና የሕመሟን ቀኖች ካላንደር ላይ እየጻፉ ይያዙ፤ ፍርድ ቤት መድረስ ግድ ቢሆን ማስረጃ ይሆናል።

18 ዓመት ሲሞላት የወላጅነት ሥልጣናችሁ ያበቃል። ራሷ መወሰን ካልቻለች ግን ለመደበኛ ሕክምና ሕጉ ከሚፈቅድላቸው ዘመዶች መካከል ወላጆች ስላሉበት፣ ለዚያ ብላችሁ አሁን በፍርድ ቤት ሞግዚትነት ለማውጣት ገንዘብ አትክፈሉ።