«ኦልዞው» የት ይግባ?

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት ተመራቂ ተማሪ «ጋሼ፣ የእንግሊዝኛው ኦልዞው (although፣ ምንም እንኳ) የሚገባው ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ነው መጨረሻ?» አለችኝ። «ሁለቱም ልክ ነው» ልል አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። ይህን መልስ ለዓመታት ስሰጥ ኖሬያለሁ።

ጀማሪ መምህር ሳለሁ አንድ ተማሪ ነበረኝ። መስከረምና ሰኔ ላይ ከጮቄ የሚወርደው ወንዝ ሲሞላ ማዶ ይቀራል። ውሃው ጎደል ሲል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ደብተሩን በላስቲክ አስሮ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጋመስ ከተፍ ይላል። ፈተና ላይ ግን የሚደርስበት አልነበረም። ለነፃ ትምህርት ዕድል ሲያመለክት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍኩለት። የቢሮውን ታይፕ ለምኜ፣ በሁለት ጣት እየለቀምኩ፦

«ሂ ኢዝ ኤ ብራይት ስቱደንት፣ ኦልዞው ሂ ኢዝ ኦፍን ሌት።»

በልቤ የነበረው «ቢያረፍድም ጎበዝ ነው» የሚል ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ስለሚያደርግ ጉብዝናው መቋጫ ይሆናል። እኔ ግን «እንግሊዝኛ ግልብጥ ነው» ተብዬ ስላደግሁ ገለበጥኩት። ሰዋስዉ እንከን አልነበረውም። ግን በእንግሊዝኛም አንባቢ ልብ ውስጥ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ የመጣው ነው። ኦልዞውን ከነማርፈዱ ፊት ባደርገው ኖሮ ብራይት ስቱደንት የሚለው መዝጊያ ይሆንልኝ ነበር።

ልጁ አላለፈም። ደብዳቤውን ያየ አንድ ሰው በኋላ ሲያገኘኝ «ያ የሚያረፍደው ልጅህ እንዴት ነው?» አለኝ። በሌላ ምክንያት ቀርቶም ይሆናል። የካርቦን ቅጂው ግን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ወንዙን አንድም ቦታ አላነሳሁትም። ቅኔ ቤት የከረመው አጎቴ ነገሩን ስነግረው «ወርቁን አስቀድመህ በሰም ደፈንከው» ብሎ ሳቀብኝ።

የኮማውን ነገር መጽሐፋችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። የዘንድሮ ልጆች ግን መጽሐፍ መች ታገላብጣላችሁ፤ ስልክ ይተረጉምላችኋል። እኔም አልፎ አልፎ እጠይቀዋለሁ፣ አልዋሽም። ደግሞ «ዋናው ሁልጊዜ መጨረሻ» ብላችሁ እንዳትይዙብኝ። መመሪያ ስትጽፉ «ኢፍ» ያለው ይቅደም። «የማሽኑን ክዳን ክፈት» ብላችሁ «መብራት ከሌለ ብቻ» የምትሉት ከኋላ ከሆነ ሰውየው ከፍቶታል።

ልጅቷን «ምን ልትጽፊ ነው?» አልኳት። የሥራ ማመልከቻዋን አወጣች። «አይ ለርን ፋስት፣ ኦልዞው አይ ሃቭ ኖ ኤክስፒሪያንስ» ይላል፤ «ቶሎ እማራለሁ፣ ልምድ ግን የለኝም» እንደማለት። እስክሪብቶዋን ተቀበልኳት።