«ተገኘ» ነው ወይስ «ታወቀ»?

ጥያቄ፦ በከዋክብት መካከል ስላሉ ሞለኪውሎች የሚያወራ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ኤች ሲ ኦ ፕላስ የሚባለውን አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ሞለኪውል) አንዱ በ1970 ተገኘ ይላል፣ ሌላው በ1975። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም፣ ጥፋቱ የ«ተገኘ» ነው። ይህ ግስ ሸክሙ በዝቶበታል። የጠፋ በግ ተገኘ እንላለን፣ ሚኒስትሩም ስብሰባ ላይ ተገኙ እንላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1970 ዴቪድ ቡልና ሉዊስ ስናይደር አሪዞና ኪት ፒክ ላይ ባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ 89.19 ጊጋኸርዝ አካባቢ አንድ መስመር፣ ማለትም በአንድ የተወሰነ ድግግሞሽ ላይ የሚታይ የሬዲዮ ምልክት፣ አዩ። መስመሩ አለ፣ ባለቤቱ ግን አይታወቅም። ስም ሲያጡለት «ኤክስ ኦጅን» አሉት። ዊልያም ክሌምፐረር እዚያው ዓመት ላይ ኤች ሲ ኦ ፕላስ መሆን አለበት ብሎ ገመተ፦ አንድ ሃይድሮጅን፣ አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው። ግምቱን በቤተ ሙከራ ማጣራት ደግሞ ቀላል አልነበረም። እንዲህ ያለ አዮን ጠርሙስ ውስጥ ከድነው የሚያስቀምጡት ነገር አይደለም፤ ኤሌክትሮን ካገኘ ወዲያው ይበታተናል። ክሎድ ዉድስና ባልደረቦቹ በ1975 የሃይድሮጅንና የካርቦን ሞኖክሳይድ ቅልቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ለቀቁበት፣ አዮኑ እየተፈጠረና እየፈረሰ ሳለ ለኩት፣ ያው መስመር ወጣ።

ስለዚህ ለ1970 «መስመሩ ታየ»፣ ለ1975 «ማንነቱ ታወቀ» ይበሉ። «ለዩት» ማለትም ያስኬዳል። «ተለየ»ን ግን ብቻውን አይጠቀሙበት፣ እባክዎ። «ኤች ሲ ኦ ፕላስ በ1975 ተለየ» ብለው ከጻፉ አንባቢው ነፍስ ይማር ሊል ይችላል።

«ተገኘ»ን ፈጽሞ ይተዉት እያልኩ አይደለም። ኤች ስሪ ፕላስን ይውሰዱ፣ ሦስት ሃይድሮጅን ያለውን። የእሱ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው፤ ታኬሺ ኦካ የኢንፍራሬድ ስፔክትረሙን (የመስመሮቹን ስብስብ) በ1980 ካናዳ ውስጥ በቤተ ሙከራ ለካ፣ ከዚያ በኋላ ሰማይ ላይ ሲፈለግ ቆይቶ በ1996 ቶማስ ጌባልና ኦካ በከዋክብት መካከል ባለ ደመና ውስጥ ማየታቸውን አሳወቁ። እዚህ ጋ «ተገኘ» ልክክ ይላል፣ ምልክቱ አስቀድሞ እንደሚታወቀው በግ።