ኤርታሌን ቀርባችሁ ማየት ለምትፈልጉ፦ ጥያቄና መልስ

ህዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ያለው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ ወዲህ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ስጠብቅ እንኳ «አንተ አፋር ትመላለስ የነበርከው አይደለህ?» የሚለኝ አላጣሁም። አዎ፣ ለዓመታት ቱሪስት ወደ ኤርታሌ ሳመላልስ ነው የኖርኩት። ሳይንቲስት አይደለሁም፣ ሹፌር ነኝ። የጠየቃችሁኝን እንደመጣልኝ ልመልስ።

ጋሼ፣ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አጠገቡ ብሆን ብዬ ቆጭቶኛል። ድጋሚ ካለ እሄዳለሁ።

ባትኖር ነው ደስ ያለኝ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ህንድ ድረስ በረራ አሰርዟል። አፍዴራ በኩል ያሉት አርብቶ አደሮች ግጦሹ አመድ ለብሶባቸው ከብቶቻቸው የሚበሉት አጡ። አመድ ሲባል ደግሞ የምድጃ አመድ እንዳይመስልህ፤ የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው። ሰው ተጠግቶ የሚያየው እንደ ኤርታሌ ያለውን ነው። የእሱ ላቫ፣ ማለትም የሚፈሰው ቅልጥ አለት፣ ቀጭን ስለሆነ ጋዙ በቀላሉ ይወጣል፣ ስለዚህ እንደ ሽሮ ይንተከተካል እንጂ አይፈነዳም፣ አብዛኛውን ጊዜ። «አብዛኛውን ጊዜ» የምትለዋን ያዛት። ሐምሌ 2017 ላይ እሱም አመድ ተፍቷል።

የላቫ ሐይቁ ሁልጊዜ ይታያል?

አይታይም። ይሞላል፣ ይወርዳል፣ ቅርፊት ይለብሳል። ጥር 2009 ላይ ገንፍሎ ፈሰሰ፣ ከዚያ ወደ ታች ወረደ። ስንት ብር ከፍለው ጭስ ብቻ አይተው የተመለሱ ሰዎች አሉ፣ እኔን እየገላመጡኝ፣ እኔ የደበቅኩት ይመስል። ስሙ ራሱ በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» ማለት እኮ ነው። ከመነሳትህ በፊት በዚያው ሳምንት ከእዚያ የተመለሰ ሰው ፈልገህ ጠይቅ።

መንገዱ እንዴት ነው? መቼ ልሂድ?

ከእኛ ሰፈር ፈጣን መንገዱን ይዘህ አዳማ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ። ሎጊያ ወይ ሰመራ አድረህ በማግስቱ ወደ አፍዴራ። ከህዳር እስከ የካቲት ሂድ፣ በክረምት ግን አትሞክረው፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ድሮ ተራራው ግርጌ ካለው ካምፕ፣ ከዶዶም ተነስተን ፍራሹን ግመል ላይ ጭነን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሦስት አራት ሰዓት በእግር እንወጣ ነበር። ሌሊት የሚኬደው ለውበቱ ብቻ አይደለም፣ ቀን ላይ ብትሞክረው ከላቫው በፊት ፀሐዩ ይጨርስሃል።

ተጠግቶ ማየት አደጋው ምንድን ነው? ላቫው ነው?

ሁሉም ላቫውን ይፈራል። ላቫው ግን ይታያል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሮጠህ ታመልጠዋለህ። የማይታየው ነው ክፉው። አንደኛ ጋዙ። አንድ ሌሊት ከአፋፉ ላይ ቆመን ነፋሱ ድንገት ዞረብን፤ ጉሮሮዬ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለኝ፣ ዓይኔ ጠፋ፣ አንዷ ቱሪስት እያሳላት ሮጣ ወደ ጭሱ ገባች፣ የአፋሩ መሪያችን ነው ክንዷን ይዞ የጎተታት። ነፋስን ጀርባህ ላይ አድርገህ ቁም። ሁለተኛው ቅርፊቱ። አዲስ የረጋ ላቫ ከላይ ደረቅ ይመስላል፣ ከስር ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ስትረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፣ ከወደቅክበትም እንደ ጠርሙስ ስባሪ ነው። መሪው በረገጠበት ብቻ እርገጥ። የአፋፉ ጠርዝም ተንዶ ያውቃል፣ ለሰልፊ ብላችሁ አትንጠልጠሉበት።

«በአስጎብኚ ከሄድኩ ምን እሆናለሁ» የሚል ካለ የኒውዚላንዱን ዋይት አይላንድ እሳተ ገሞራ ያስብ። ህዳር 2012 ላይ (በእነሱ 2019) ድንገት እንፋሎትና አመድ ፈንድቶ 22 ሰው ሞተ። ጠብታ ላቫ እንኳ አላዩም።

የኮሮና ማስካችን ይሰራል?

ለአመዱ ትንሽ፣ ለጋዙ ምንም። የጋዝ ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው የሚያስፈልገው። አስም ያለበት ሰው ይቅርበት። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ የጥጥ ልብስ፣ ጓንት፣ ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ከምትገምተው በላይ ውኃ።

ለምን ጥበቃ ይዞ ይኬዳል?

ጥር 2004 ላይ አምስት ጎብኚዎች እዚያ ተገድለዋል። የኤርትራ ድንበር ቅርብ ነው። ከአካባቢው ሰው ጋር ነው የሚኬደው፣ በራሴ መኪና ብቻዬን የሚል ይተወው።

በ2017 ኮንዶሚኒየማችንን ያወዛወዘው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ እኛ ጋ ይደርስ ይሆን?

እኛም ሌሊት በፒጃማ ግቢ ወርደን ነበር፣ ሚስቴ እስካሁን ትስቅብኛለች። ቅልጥ አለቱ ከመሬት በታች ስንጥቅ ተከትሎ ሲገባ ነው ያንቀጠቀጠን፣ ላቫ ሆኖ ግን አልወጣም። ፈንታሌ ከእኛ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የመተሐራና የአዋሽ ሰዎች ናቸው ከቤታቸው የተፈናቀሉት።

ልጆች አሉኝ፣ አፋር አይሆንልኝም። ቅርብ ምን አለ?

እህቴ፣ በመስኮትሽ እይ! የረር እሳተ ገሞራ ነበር። ዝቋላም እንዲሁ፣ የጫፉ ሐይቅ ያረፈው በድሮው የእሳት አፍ ውስጥ ነው። ለአቦ ንግሥ መጋቢት 5 ስንት ሰው ይወጣዋል፣ እሳተ ገሞራ ላይ መውጣቱን ግን ስንቱ ያውቃል? ቢሾፍቱ ያሉት ሆራና ባቦጋያም ፍንዳታ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ልጆቹን እዚያ ውሰጃቸው፣ ዓሣም አለ።

ከላቫው ድንጋይ ለማስታወሻ መውሰድ ይቻላል?

ተዉት፣ የአገሩ ሰው ንብረት ነው። እኔ በጀማሪነቴ አንድ ጥቁር፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ይዤ መጥቻለሁ፣ ላስመልሰው ስል ስንት ዓመት ሆነው። አሁን የሰገነት በራችን ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ ይዞልናል።